የተበላችው ማንኪያ

ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው ይባላል። እነዚህ ሰዎች ግን ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ በር ዘግተው፣ ውሃ ሲወቅጡ አሥራ አንድ ዓመት ኖረዋል። የሚወቅጡት በሙቀጫ አልነበረም፤ በፀሐይ ነበር።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ነጭ ዱቄት ይሠራሉ። ዱቄቱን ውሃ በያዘ ብልቃጥ ውስጥ ይበትኑና ብልቃጡን ጣሪያ ላይ አውጥተው ለፀሐይ ይሰጡታል። ዱቄቱ ከፀሐይዋ የተቀበለውን ጉልበት ለውሃው ያቀብላል፤ ውሃው ይፈታል፤ ሃይድሮጂን የሚባለው ጋዝም አረፋ አረፋ እያለ ይወጣል። ጋዙ ይነዳል። ከፀሐይና ከውሃ ማገዶ ማውጣት ማለት ይኸው ነው። ችግሩ ያለው ዱቄቱ ላይ ነው። አንዷ ፍሬ ከፀጉር ውፍረት ሺህ ጊዜ ታንሳለች፤ ይህን የመሰለውን ደቃቅ ናኖ ይሉታል። ነገር ሲደቅ ደግሞ ጠባዩ አይጨበጥም፤ ዛሬ የሠራው ነገ ያኮርፋል።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ እሷ ናት፤ ሰዎቹ ዶክተሯ ይሏታል። ዱቄቱን በእጃቸው የሚሠሩት ደግሞ አጎቷ፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነበሩ። እሳቸው ዲግሪ የላቸውም። እሷ ገና ፊደል ሳትቆጥር በዚያ ቤት ብልቃጥ ያጥቡ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘዋት እየመጡ ከፍ ያለው ወንበር ላይ ያስቀምጧትና ቀለም ሲቀየር፣ ጠብታ ሲወርድ ያሳዩአት ነበር። አንድ ነገር አይታ ደስ ብሏት «ጋሼ፣ አየሁት!» ስትል የሚመልሱላት አንድ ነበር።

«አንዴ ያየሽው ዕድል ነው እሙ። ሁለቴ ያየሽው ግጥምጥሞሽ ነው። ሦስቴ ካየሽው ያን ጊዜ አፍሽን ሞልተሽ ተናገሪ።»

ልጅቷ አደገች፣ ተማረች፣ ራቅ ብላ ሄዳ ተመለሰችና በአጎቷ ላይ አለቃ ሆነች። እሳቸው በሰው ፊት «ዶክተር» ይሏታል፤ አንቺ ማለታቸውን ግን አልተዉም። ለብቻቸው ሲሆኑ እሙ ናት። የቀረው ሰው እሳቸውን የሚጠራቸው ጋሽ አማሳይ እያለ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያማስሉ ስለሚውሉ። «ነገር ከሚያማስል ዱቄት የሚያማስል ይሻላል» ይሉ ነበር፣ ሲሳቅባቸው አብረው እየሳቁ።

አሁን የማማሰሉ ነገር እዚህ ላይ በደንብ ይታይ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። የዱቄቱን አሠራር የጻፈችው ዶክተሯ ናት። ጽሑፉ ላይ «በመስታወት ዘንግ ለሁለት ሰዓት ይማሰል» ይላል። ይህን የጻፈችው ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ነው፤ አማስላው አታውቅም። ዱቄቱ አሲድ ሲገባበት እንደ ሊጥ ይከብዳል። አጎቷ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት የመስታወት ዘንግ ሰበሩ። ከዚያ መሳቢያ ሲፈልጉ ኒኬል ከሚባል ብረት የተሠሩ ሁለት ማንኪያዎች አገኙ፤ ረጅም እጀታ ያላቸው፣ ቀጭን፣ ለቤተ ሙከራ ሥራ የተገዙ መንትዮች። አንዷን ከነወረቀቷ ትተው በሌላዋ ማማሰል ጀመሩ። አሥራ አንድ ዓመት በእሷ አማሰሉ። አልደበቁም። ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም ስለ ማንኪያ ማውራት ወግ አይመስላቸውም ነበር።

ዱቄቱ ሠራ። ከማንም ዱቄት የበለጠ ጋዝ ሰጠ። ዶክተሯ ጽፋ አሳተመች፣ ተጨበጨበላት፣ አጎቷም ከኋላ ቆመው አጨበጨቡ።

ኋላ ደብዳቤ መጣ። የሌላ ተቋም ሰዎች የጻፉት ነው። የእናንተን አሠራር ቃል በቃል ተከትለን አምስት ጊዜ ሠራን፣ የረባ አረፋ አላየንም፣ ምናልባት ያልነገራችሁን ነገር ይኖር ይሆን? ይላል። በትሕትና የተጻፈ ነው፤ ግን እንዲህ ያለው ትሕትና ከስድብ ይብሳል። ዶክተሯ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ደረጃውን ወርዳ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አጎቷ አጠገብ ቆማ ዱቄቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲሠራ ተመለከተች። ማንኪያዋን ያየች ጊዜ ደነገጠች።

የደነገጠችበት ምክንያት አላት። ብረት አሲድ ውስጥ ሲገባ ራሱ ሃይድሮጂን ይሰጣል፤ ይህን ጀማሪ ተማሪም ያውቃል። እንግዲያው ማንኪያዋ እየሟሟች ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የለኩት ጋዝ የፀሐይ ሳይሆን የማንኪያ ነው ማለት ነው። ይህን የሚለይ ሙከራ ቀላል ነው፤ ብልቃጡን በጥቁር ጨርቅ መጠቅለል። ፀሐይ ሳያገኘው ጋዝ ከሰጠ፣ ሥራው ሁሉ ውሸት ነው።

አጎቷ ሊያግዟት ተነሡ። «አይንኩት» አለቻቸው። በራሷ እጅ ጠቀለለች፣ ቱቦውን በራሷ እጅ ገጠመች። የመለኪያው መርፌ ተንቀሳቀሰ። ጋዝ አለ፣ በጨለማ። ደግማ አላየችም። ቁጣና ኀፍረት አንድ ላይ ሲመጡ ሰው መድገም አያምረውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ያፈሰሰችውን ለመልቀም ግን ብዙ ቆየች።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሰበሰበች። ሰባት ሰዎች ነበሩ። ደብዳቤውን አነበበችላቸው፣ የጨለማውን ውጤት ነገረቻቸው፣ ከዚያ ወደ አጎቷ ዞረች። ሲርበኝ ያበሉኝ፣ ሲያመኝ ያስታመሙኝ ናቸው አላለችም።

«አሥራ አንድ ዓመት ስንለካ የኖርነው ፀሐይን አይደለም» አለች። «የእርስዎን እድፍ ነው።»

አማሳዩ ማንኪያዋን አዩአት፤ በእጃቸው እንደያዟት ነበር። ወደ ቧንቧው ሄደው አጠቧት። አደረቋት። ንጹሕ ጨርቅ ፈልገው ጠቀለሏትና መሳቢያው ውስጥ፣ መንትያዋ አጠገብ አስቀመጧት። የቤቱ ንብረት ናትና ይዘዋት አይሄዱም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር» አሏት።

እርስዎ ብለዋት አያውቁም ነበር። በዚያው ሳምንት ጡረታ ጠየቁ፤ ጊዜያቸው ሊደርስ ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር። ወረቀቱን ቀና ሳትል ፈረመችላቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እድፍ ያለችውን መልሳ ልትውጠው አትችልም፤ ደግሞም ያኔ መዋጥ የሚገባት አልመሰላትም።

አንድ ዓመት አለፈ። ጽሑፏን «ስሕተት ተገኝቶበታል» ብላ ከታተመበት አስነሣች። አዲስ የማማሰያ ማሽን አስመጣች፤ መቅዘፊያው መስታወት ነው፣ ብረት አጠገቡ አይደርስም። የወጣው ዱቄት እንከን አልነበረውም፤ ነጭ፣ ደቃቅ፣ ንጹሕ። በድንም ነበር። ጣሪያ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ እየመታው አንድ ሁለት አረፋ ሰጥቶ ይተኛል። አጎቷ ቤት መሄድም ተወች። ሥራ በዛብኝ እያለች በስልክ ሰላም ትላለች፤ የሚያነሡት ሚስታቸው ናቸው፤ «ደህና ነው፣ ደህና ነን» ይሏታል። እሳቸውን አቅርቡልኝ አትልም፣ ላቅርብልሽም አይሏትም።

አንድ ቀን የቱቦ ማያያዣ ስትፈልግ ያንን መሳቢያ ሳበችው። ጨርቁን ፈታች። ማንኪያዋ ወጣች። ከአጠገቧ ያላገለገለችው መንትያዋ ከነወረቀቷ አለች። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስተኛቻቸው፤ ያኔ ነው ያየችው። የአጎቷ ማንኪያ በአንድ ጎኗ ተበልታለች። ድስት ስትጠርግ የኖረች ማንኪያ የምትበላውን ያህል፣ ጠርዟ ስሎ፣ ክቡ ተሰብሮ።

ሁለቱንም ይዛ ወደ መለኪያ ክፍሉ ሮጠች። እዚያ የሚሠራውን ሰው ሚዛን ነው የሚሉት፤ ዕቃ መዝኖ ብቻ አይደለም፣ ቃልም ሳይመዝን አይናገርም። መንትያዎቹን አንድ በአንድ መዘነ። የተበላችው በአራት ግራም ታንሳለች።

«አራት ግራም የት ሄደ?» አለች።

«ዱቄቱ ውስጥ ነዋ» አለ ሚዛን። ከዚያ ወረቀት ስቦ ማስላት ጀመረ። አራት ግራም ኒኬል አንዲት ሳትቀር አሲድ ውስጥ ብትሟሟ የምትሰጠው ጋዝ አንድ ሊትር ተኩል ነው። እነሱ በአሥራ አንድ ዓመት የለኩት ግን በመቶ ሊትር የሚቆጠር ነው። ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋው። ማንኪያዋ የጋዙ ምንጭ ልትሆን አትችልም፤ አትበቃም።

ዶክተሯ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። የቀረውን ራሷ ተረዳችው። ኒኬሏ በያንዳንዷ የዱቄት ፍሬ ላይ እዚህም እዚያም ጠብ ብላ ተቀምጣ፣ ፀሐይ የፈታችውን ጋዝ ሰብስባ ታስወጣው ነበር። ሥራውን ታፋጥናለች፣ ራሷ አታልቅም፤ በሙያው ቋንቋ ካታሊስት ናት። ያለ እሷ ዱቄቱ ፀሐይዋን ይቀበላል እንጂ የሚያደርጋትን አያውቅም። እነዚያም ሰዎች አምስት ጊዜ ሠርተው ያጡት፣ እሷ በጻፈችው መሠረት በመስታወት ዘንግ ስላማሰሉ ነው። እድፍ ያለችው ነገር ነው ሥራውን ሲሠራ የኖረው።

«የጨለማውስ?» አለች፣ ለራሷ ይመስል። «በጨለማ ጋዝ ወጥቷል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሚዛን ብዕሩን አስቀመጠ። «የዚያን ቀን ቱቦውን አጥበሽው ነበር?»

ብልቃጡን ከመለኪያው ጋር የሚያገናኘው ቱቦ የጠዋቱን ጋዝ ይዞ ያድራል፣ ይውላል። በየሙከራው መሐል ናይትሮጂን በሚባል በማይነድ ጋዝ ተገፍቶ መጽዳት አለበት። አማሳዩ በየቀኑ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ መጀመሪያ የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር። ዶክተሯ ቱቦውን ማን እንደሚያጥበው አታውቅም ነበር። ጭራሽ መታጠቡንም አታውቅም። አጎቷን ያባረረችበት ጋዝ፣ በዚያው ጠዋት በፀሐይ የወጣ የሳቸው ጋዝ ነው።

በማግስቱ ማሽኑን አቆመችና በተበላችው ማንኪያ ራሷ አማሰለች። ሁለት ሰዓት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትከሻዋ ይለበልባት ጀመር፣ ስትጨርስም ብዕር መያዝ አቃታት። ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ይህን በየሳምንቱ ሲያደርጉ አንድ ቀን አመመኝ አላሉም። ዱቄቱ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ምድጃ ገብቶ እስኪወጣ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ቱቦውን አጠበች። በጨለማ መርፌው ዝም አለ። ጨርቁን ስትገፈው፣ ፀሐይዋ ብልቃጡን እንዳገኘችው፣ አረፋው ከታች ተነሣ።

«ዛሬውኑ ሂጂና ንገሪያቸው» አላት ሚዛን።

«ሦስት ጊዜ ልየው» አለች። «ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንዴ ያየሁትን ይዤ ሄጄ ኋላ ቢፈርስ ሁለተኛ ልገድላቸው ነው።»

«ሰው ብልቃጥ አይደለም» አለ ሚዛን፣ መዝኖ ሳይሆን አይቀርም። እሷ ግን ልቧ ማንኪያዋ ላይ ነበር።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ግማሹ ጥንቃቄ ነው፣ ግማሹ ፍርሃት ነው። በሩን አንኳኩታ፣ እርስዎ ያሏትን ሰው ፊት ማየት ከበዳት። ሦስተኛው ሙከራ ሲሠራ አዲሱን ጽሑፍ ስማቸውን ከላይ አድርጋ ልታትም፣ ማንኪያዋን በሳጥን አድርጋ ልትወስድላቸው አሰበች። ሙሉ ነገር ይዛ መሄድ ፈለገች። ባዶ እጅ ይቅርታ ማለት አላስለመዷትም።

ሁለተኛው ሙከራ ሠራ። በዚያው ሰሞን የአጎቷ ሚስት ደወሉ። «ትንሽ አሞታል» አሉ። «ብቅ ብትይ ደስ ይለዋል።» የቅዳሜ ሳምንት እመጣለሁ አለች። ሦስተኛው ሐሙስ ስለሚደርስ ነው። ሐሙስ ቀትር ላይ ብልቃጡን ጣሪያ ላይ አወጣች፤ በጨለማ ዝም፣ በፀሐይ አረፋ። ሚዛን ዛሬ እንኳ ሂጂ አላት። ሰዓቱ ገና አሥር ነበር፤ የአጎቷ ቤት በእግር ግማሽ ሰዓት ነው። ጽሑፉን ነገ አትሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ ቅዳሜ ብያለሁ አለች። ዓርብ ጠዋት ማተሚያው አጠገብ ቆማ ወረቀቱ ሲወጣ ስልኳ ጮኸ። አጎቷ ሞተዋል።

ቀብሩ አለፈ፣ ሰው ተመናመነ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ ከአጎቷ ሚስት ጋር ብቻዋን ቀረች። በመስኮቱ ሥር የሳቸው ጠረጴዛ አለ፤ ክንዳቸው ሲያርፍበት የኖረው ጣውላ ለስልሷል። ሚስታቸው ከጠረጴዛው ሥር አንድ የካርቶን ሳጥን ጎትተው አወጡ።

«ይህን ላሳይሽ ብዬ ነው» አሉ።

ሳጥኑ ውስጥ የተሰባበረ መስታወት ነበር። ዘንግ ነው፤ የመስታወት ዘንግ፣ አንዳንዱ ለሁለት፣ አንዳንዱ ለሦስት የተሰበረ። ሠላሳ ይሆናል፣ አርባ ይሆናል።

«ዓመቱን ሙሉ ይህንኑ ነው የሠራው» አሉ ሚስታቸው። «ዱቄት በውሃ ያቦካል፣ አጥብቆ፣ ከዚያ በዚህ ያማስላል። ይሰበርበታል፣ ሌላ ያመጣል። እኔስ አእምሮውን ነካው ብዬ ሠግቼ ነበር። ምንድነው ይህ ስለው፣ የልጅቷን ሥራ አበላሸሁባት፣ ድንገት ከጠራችኝ ሁለተኛ እንዳላሳፍራት ነው አለኝ። ኋላ ኋላ እጁ ለመደው። ይቺን አራት ወር አልሰበራትም።»

ከጠረጴዛው ላይ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት ደህና ዘንግ አንሥተው ሰጧት።

ዶክተሯ ያለቀሰችው ያኔ ነው። እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው። ማንኪያዋ ትክክል እንደነበረች፣ ያለ እሷ ዱቄቱ በድን እንደሆነ፣ ጥፋቱ የቱቦው እንደሆነ፣ ቱቦውን ያላጠበችው ራሷ እንደሆነች፣ አሥራ አንዱም ዓመት እውነት እንደነበር። የታተመውን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ስማቸውን አሳየቻቸው። ሚስታቸው ስሙን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«ይህን ያወቅሽው መቼ ነው?» አሉ።

«ብልቃጡ መጀመሪያ የሠራው... ከቀብሩ በፊት አንድ ወር ይሆናል።»

«ታዲያ ምነው ያኔ ሳትመጪ?»

«ሦስት ጊዜ እስካየው ነው እትዬ። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንዴ ዕድል ነው፣ ሁለቴ ግጥምጥሞሽ ነው ብለው።»

ሚስታቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያውቁታል፤ ያ ሰው የወጥ ጨው እንኳ ሦስቴ ሳይቀምስ በቃው አይልም ነበር። መስታወቱን በጣታቸው እየገፉ፣ ስባሪውን ከስባሪው እየለዩ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ እንደ ተራ ነገር ጠየቁ፤ ሊወጓት አልነበረም፣ ማወቅ ብቻ ፈልገው ነው።

«እድፍ ያልሽው ጊዜስ? ያን ጊዜ ስንቴ አይተሽ ነበር?»

ዶክተሯ ዘንጓን ሳጥኑ አጠገብ አስቀመጠች።

«አንዴ» አለች።